የመኪና ኢንሹራንስን በዓመቱ መሀል መቀየር፦ ተመላሹ ገንዘብ መቼ ያዋጣል?

እዚህ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የማውቀው የኢንሹራንስ ወኪል አጠገቤ ተቀመጠና ስልኩን አሳየኝ። «ጋሼ፣ አሁን ከቀየሩ 10 በመቶ ተመላሽ አለው» አለኝ። የያዝኩት ሙሉ ኢንሹራንስ ገና 7 ወር ይቀረው ነበር። ብዙም አላሰብኩበትም። በሁለት ቀን ውስጥ የድሮውን አቋርጬ አዲሱን ገባሁ። ከወር በኋላ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስደምር ከኪሴ የወጣው ከተመለሰልኝ በለጠ። ማንም አላጭበረበረኝም። ሁሉም ነገር በፈረምኩት ውል ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም ይህንኑ ሲጠይቀኝ ቁጭ ብለን እናሰላለን። አንዳንዱ ቀይሮ ተጠቅሟል፣ አብዛኛው ትቶታል። እንዴት እንደምናሰላው ላሳያችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ የፖሊሲ ደብተራችሁንም (የመድን ውላችሁን) አውጡ።

መጀመሪያ የትኛውን እንደምትቀይሩ እወቁ

መኪናችሁ ላይ ሁለት ዓይነት ሽፋን ሊኖር ይችላል። አንዱ የሶስተኛ ወገን ነው፣ መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸፍን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው። መስታወቱ ላይ የምትለጥፉት ስቲከር የእሱ ነው፣ ቦሎ ስታሳድሱ የምትጠየቁትም እሱን ነው። ሌላው ሙሉ ኢንሹራንስ የምንለው ነው። የራሳችሁን መኪና ከግጭት፣ ከስርቆትና ከቃጠሎ የሚሸፍነው ይሄኛው ነው። ባንክ ካላስገደዳችሁ በቀር በፈቃዳችሁ የምትገቡት ነው።

ያላችሁ ሶስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ በመሀል አትንኩት። የምትከፍሉት ከሙሉው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ የሚተርፈውም ለምልልሱ ትራንስፖርት አይበቃም። ብዙ የባጃጅ ባለቤቶች እዚህ ውስጥ ናችሁ። ዓመቱ ሲሞላ በሰላም ቀይሩ። ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለ ሙሉ ኢንሹራንስ ነው።

ተመላሹን ማን ነው የሚሰጣችሁ?

«ካሽባክ» የሚለው ቃል በአንድ ስም ሶስት የተለያየ ነገር ይዟል። አንዱ ኩባንያው ራሱ ከአረቦኑ (ለኢንሹራንሱ ከምትከፍሉት ዋጋ) ላይ የሚቀንሰው ነው። ይህ ቅናሽ ነው እንጂ ተመላሽ አይደለም፣ ደረሰኙ ላይም በቀጥታ ይታያል። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ሁለተኛው በሞባይል ወይም በባንክ መተግበሪያ ስትከፍሉ በኋላ ወደ ሒሳባችሁ የሚገባ ገንዘብ ነው። ለእሱ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚገባና ለአዲስ ደንበኛ ብቻ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ውሉን ቶሎ ብታቋርጡ ተመላሹን መልሰው ይወስዱት እንደሆነም ጠይቁ።

ሶስተኛው ወኪሉ «ከኮሚሽኔ ላይ እመልስልሃለሁ» የሚለው ነው። ይህን ሒሳባችሁ ውስጥ አታስገቡት። ደረሰኝ የለውም፣ ኩባንያው አያውቀውም፣ ወኪሉ ሐሳቡን ቢቀይር የምትሄዱበት ቦታ የለም። ወኪልም ሆነ ብሮከር ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ማግኘት አለበት፣ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። አረቦኑንም ለግለሰብ ሒሳብ አትላኩ። ለኩባንያው ሒሳብ ብቻ ክፈሉ።

እንግሊዝ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ካሽባክ ሲመክሩን የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቶፕካሽባክና ክዊድኮ የሚባሉ ድረ ገጾች አሉ። ደንበኛው በእነሱ በኩል አልፎ ኢንሹራንስ ሲገዛ ኩባንያው ለድረ ገጹ ኮሚሽን ይከፍላል፣ ድረ ገጹም ከዚያ ላይ ለደንበኛው ያካፍላል። ከገቡ በኋላ ሐሳብ ለመቀየር 14 ቀን አላቸው። የእናንተን ጉዳይ የሚወስነው ግን እጃችሁ ላይ ያለው ፖሊሲ ነው። የእነሱን ምክር እንዳለ ወደ ጅማ አታምጡት።

የማቋረጫ አንቀጹን አንብቡ

የፖሊሲ ደብተሩ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ካስቸገራችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፣ ግማሽ ገጽ ነው። ከኋላ አጠቃላይ ሁኔታዎች በሚለው ክፍል ስለ ማቋረጥ የሚናገር አንቀጽ አለ። ሁለት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው ገንዘቡ የሚመለስበት ስሌት ነው። ውሉን ኩባንያው ካቋረጠ በተለምዶ የሚመልሰው በቀሩት ቀናት ልክ ነው። ደንበኛው ካቋረጠ ግን ብዙ ጊዜ ስሌቱ በአጭር ጊዜ ሠንጠረዥ ነው። ይህ ሠንጠረዥ ከተጠቀማችሁበት ጊዜ በላይ ይቆርጣል። ግማሽ ዓመት ስለቀራችሁ ግማሹ ገንዘብ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ምንም የማይመልስም አለ። እኔን የጎዳኝ ይህ ነው። ሠንጠረዡ ደብተሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ቅርንጫፉ ሄዳችሁ «ዛሬ ባቋርጥ ስንት ብር ይመለስልኛል?» በሉ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛው የካሳ ጉዳይ ነው። በዚህ የውል ዓመት ውስጥ ካሳ ጠይቃችሁ ከነበረ ብዙ ፖሊሲዎች ምንም አይመልሱም። ስፖኪዮ ተሰርቆባችሁ ያስከፈላችሁት እንኳ ይቆጠራል። እንዲህ ከሆነ እዚሁ አቁሙ፣ እስከ እድሳት ጠብቁ።

ሒሳቡ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የድሮውን የዓመት ዋጋ ከአዲሱ የዓመት ዋጋ ጋር ያወዳድራል። አዲሱ ያንሳል፣ ደስ ይለዋል። የቀረውን ጊዜ ግን አስቀድሞ ከፍሎበታል። መወዳደር ያለባቸው እነዚያ የቀሩት ወራት ናቸው።

ለማስላት እንዲመች ክብ ቁጥር እንውሰድ። በዓመት 24,000 ብር ከፍላችኋል። 5 ወር አልፏል፣ 7 ወር ይቀራል። አዲሱ ኩባንያ 22,000 ብር ይጠይቃል፣ ላዩ ላይ 10 በመቶ ተመላሽ አለው። ተመላሹ 2,200 ብር ነው። ስለዚህ አዲሱ በዓመት 19,800 ብር ይሆናል። ከ24,000 ጋር ሲታይ ትልቅ ልዩነት ይመስላል።

አሁን የ7 ወሩን ድርሻ እናውጣ። 19,800ን ለ12 አካፍላችሁ በ7 ስታባዙ 11,550 ብር ይመጣል። በአዲሱ ኩባንያ ዘንድ የእነዚያ 7 ወራት ዋጋ ይህ ነው።

የድሮው ኩባንያ ለእነዚያው 7 ወራት ስንት ይመልስላችኋል? በቀናት ልክ ከመለሰ 14,000 ብር ነው። 14,000 ተቀብላችሁ 11,550 አወጣችሁ ማለት ነው። 2,450 ብር ተረፋችሁ፣ መቀየሩ ያዋጣል። በአጭር ጊዜ ሠንጠረዥ ከመለሰና ሠንጠረዡ ለ5 ወር 65 በመቶ የሚቆርጥ ከሆነ ግን 15,600 ብር ያስቀራል። የሚመለስላችሁ 8,400 ብር ብቻ ነው። 8,400 ተቀብላችሁ 11,550 ታወጣላችሁ። ተመላሹን ጨምሮም 3,150 ብር ትከስራላችሁ።

መኪናውም ተመላሹም አንድ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው የማቋረጫ አንቀጹ ብቻ ነው። የራሳችሁን ቁጥር ተክታችሁ ሥሩት። ቴምብርና ደረሰኙ ላይ የተጨመረ ግብር ካለም አስገቡት። የሚተርፈው ከጥቂት መቶ ብሮች ካላለፈ እኔ ብሆን እተወዋለሁ፣ የሥራ ሰዓትም ገንዘብ ነው።

አዲሱ ለምን ረከሰ?

ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ ብር እንዳትከፍሉ። አንዳንዴ ኩባንያው በእውነት ደንበኛ ፈልጎ ነው። አንዳንዴ ግን የቀነሰው ሽፋኑ ነው።

መጀመሪያ የመኪናው ዋጋ ስንት ተብሎ እንደተመዘገበ እዩ። የመኪና ዋጋ ባለፉት ዓመታት ምን ያህል እንደወጣ ታውቃላችሁ። ገበያ ላይ 1,600,000 ብር የሚያወጣ መኪና 1,200,000 ተብሎ ቢመዘገብ አረቦኑ ይቀንሳል። ግን የንግድ ሕጉ ከዋጋ በታች ስለተገባ መድን ግልጽ ነው። ውላችሁ ሌላ ካላለ በቀር ጉዳቱን ባልተሸፈነው ልክ ራሳችሁ ትካፈላላችሁ። በዚህ ምሳሌ መኪናው የተሸፈነው 75 በመቶ ነው። የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈላችሁ 150,000 ነው። ከዚያም ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት፣ ይቀነሳል። ሁለት ሺህ ብር ለማትረፍ 50,000 ብር አጋልጣችኋል።

ቀጥሎ ኤክሰሱ ስንት እንደሆነ እዩ። ከዚያ ተጨማሪ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አመሳክሩ። የመስታወት፣ የዕቃ ስርቆት፣ የብጥብጥና የሽፍታ ጉዳት፣ በመኪናው ውስጥ ለተሳፈሩ ሰዎች። የድሮው ፖሊሲ ላይ ያሉት ሁሉ አዲሱ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ አሉ? ከሌሉ ተጨምረው ዋጋው እንደገና ይሠራላችሁ። ብዙ ጊዜ የዋጋው ልዩነት እዚህ ላይ ይጠፋል።

ስለ ጅማ አንድ ልጨምር። ብዙዎቻችን ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እንነዳለን፣ የጊቤን ቁልቁለት እናልፋለን። ወደ አጋሮና ወደ ቦንጋም እንወጣለን። መኪናው ጊቤ በረሃ ውስጥ ቢቆም ለመጎተቻ ስንት ብር ድረስ ይከፈላል? ፖሊሲዎች ጣሪያ አላቸው፣ አንዳንዱ ጣሪያ ወልቂጤም አያደርስም። ጉዳት ሲደርስስ የጅማው ቅርንጫፍ ራሱ ይወስናል ወይስ ፋይሉ አዲስ አበባ ይሄዳል? የትኛው የጅማ ጋራዥ ይሠራላችኋል? ይህን የሚነግራችሁ ወኪሉ ሳይሆን ካሳ የተቀበለ ሰው ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ ሄዳችሁ ሁለት ሶስት የአይሱዙ ባለቤቶችን ጠይቁ። የትኛው ቶሎ እንደሚከፍል በደንብ ያውቃሉ። እኔ ለፈጣን ቅርንጫፍ ትንሽ ጨምሬ ብከፍል አይከፋኝም።

ካሳ ሳትጠይቁ ያለፋችሁባቸው ዓመታት

ጉዳት ሳታመለክቱ ዓመት ስትደፍኑ በእድሳት ጊዜ ቅናሽ ታገኛላችሁ። የዓመቱ መሀል ላይ ስታቋርጡ ግን የዘንድሮው አልሞላም፣ የሚቆጠርላችሁም ያለፉት ብቻ ናቸው። ከ7 ወር በኋላ ታገኙት የነበረው አዲስ ቅናሽ አሁን ከ12 ወር በኋላ ይሆናል። ያለፉትንም አዲሱ ኩባንያ ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚቀበል ከሆነ ከድሮው ኩባንያ የካሳ ታሪካችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈልጋል። ካልተቀበለ ተመላሹ አያካክሰውም፣ ይቅርባችሁ።

መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት

ፖሊሲው ላይ የባንኩ ስም ተጽፏል። ባንኩ ሳይስማማ ማቋረጥ አትችሉም፣ ብትሞክሩም ቅርንጫፉ ይመልሳችኋል። መጀመሪያ ባንኩ አዲሱን ኩባንያ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁና ደብዳቤ አጽፉ። የሚመለሰው ገንዘብ ለእናንተ ወይስ ለባንኩ እንደሚከፈልም አጣሩ።

ሒሳቡ ካዋጣ፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው

ዋናው ነገር አዲሱ ሳይጀምር የድሮውን አለማቋረጥ ነው። አንድ ሌሊት ክፍተት ቢኖር፣ ያቺ ሌሊት መኪናችሁ ያለ ሽፋን ናት። ሶስተኛ ወገኑም አብሮ ከተቋረጠ መንገድ ላይ መውጣት ራሱ ሕግ መጣስ ነው፤ ሰው ቢጎዳ ደግሞ ዕዳው በእናንተ ትከሻ ላይ ያርፋል።

መኪናውን እጠቡና ወደ አዲሱ ኩባንያ ውሰዱት። በጅማ ጭቃ የተሸፈነ መኪና በአግባቡ አይታይም። ፎቶ ያነሱታል፣ ያለውን ጭረት ይመዘግባሉ። እናንተም በስልካችሁ በዚያው ቀን አንሱ። ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ያዙ። የማመልከቻ ቅጹን ራሳችሁ ሙሉት፣ ወኪሉ ሞልቶ እናንተ ፈርማችሁ ብቻ እንዳይሆን። ያለፉ ግጭቶችን ጻፉ። በግል ሰሌዳ ሰው በክፍያ የምታመላልሱ ወይም ቡና የምትጭኑ ከሆነ ያንንም ጻፉ። የደበቃችሁት ነገር ሲገኝ ካሳው ሊቀር ይችላል፣ የንግድ ሕጉም ይህን ይፈቅዳል።

ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ፖሊሲውንና የሶስተኛ ወገን ስቲከሩን እጃችሁ ላይ አድርጉ። የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቀኑንም ልብ በሉ። ብዙ ፖሊሲ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ ሰዓቱም እንዲሁ። 12 ሰዓት የሚል ካያችሁ እኩለ ሌሊት ነው ወይስ ቀን ብላችሁ ጠይቁ። ተመላሹ የተጻፈበትን ወረቀት ወይም መልእክት ስክሪኑን አንሱና አስቀምጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ድሮው ቅርንጫፍ የምትሄዱት። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

ለ… ኢንሹራንስ ጅማ ቅርንጫፍ
ጅማ

ጉዳዩ፦ የመድን ውል ስለማቋረጥ

የሰሌዳ ቁጥሩ … በሆነው ተሽከርካሪዬ ላይ በፖሊሲ ቁጥር … የገባሁት የመድን ሽፋን ከ… ቀን ጀምሮ እንዲቋረጥልኝ፣ ያልተጠቀምኩበት ጊዜ አረቦን ተሰልቶ ስሌቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝና በባንክ ሒሳብ ቁጥሬ … ገቢ እንዲሆንልኝ፣ እንዲሁም የካሳ ታሪኬን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማህተም አስመቱና ይዛችሁ ውጡ። ይህ ቅጂ ከሌላችሁ ነገ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ቢባል መልስ የላችሁም። የድሮውን ስቲከርና ሰርተፊኬት መልሱ ካሏችሁ መልሱ፣ ግን ፎቶ ኮፒ አድርጉ። የማቋረጫው ቀን አዲሱ ከጀመረበት ቀን በኋላ ወይም በዚያው ቀን ይሁን። ሁለቱ አንድ ሁለት ቀን ቢደራረቡ ችግር የለውም። ከሁለቱም ካሳ መሰብሰብ እንደማይቻል ብቻ እወቁ፤ መድን የደረሰውን ጉዳት ይተካል እንጂ ትርፍ አይሰጥም።

ምናልባት ቅርንጫፉ ደብዳቤውን ሲያይ «ለምን ትለቁናላችሁ?» ይላል። እውነቱን ንገሯቸው፣ የአዲሱን ዋጋም አሳዩ። በቀናት ልክ እንመልስላችሁ ወይም ለእድሳት ቅናሽ እናድርግ ሊሉ ይችላሉ። አንድ ባልደረባዬ ገና ምንም ሳይከፍል የዋጋ ማቅረቢያውን ይዞ ሄዶ ለእድሳት ጥሩ ቅናሽ በጽሑፍ አግኝቶ ተመለሰ። መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ተጠቀመ። እንደ እኔ ከሆነ መጀመሪያ መሞከር ያለባችሁ ይህን ነው።

ገንዘቡን መከታተል

ሁለት ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። አንዱ የድሮው ኩባንያ ይመልሳል የተባለበት፣ ሌላው ተመላሹ ይገባል የተባለበት። ቀኑ ካለፈ መጀመሪያ ቅርንጫፉን፣ ቀጥሎ ዋናውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። ካልሆነ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ማህተም ያረፈበት ቅጂ ያስፈልጋችኋል።

የድሮውን ፖሊሲና ደረሰኞች ወዲያው አትጣሉ። ከመቀየራችሁ በፊት የደረሰ ግጭት ካለ ጉዳዩ የድሮው ኩባንያ ነው፣ ውሉ ስለተቋረጠ አይቀርም። በንግድ ሕጉ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ የሚታገደው በ2 ዓመት ነው። ወረቀቶቹን ቢያንስ እስከዚያ ከሊብሬው ቅጂ ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጧቸው።